ዕርቅ እንዲጸና፦ ለሽምግልና መዘጋጀትና የስምምነት ውል መጻፍ



አቃቂና ቃሊቲ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ካለፈበት ዘመን ጀምሮ ከልዩ ልዩ የሀገራችን ክፍል የመጡ ሰዎች ለፋብሪካ ሥራና ለንግድ የሰፈሩበት ቦታ ነው። ወላጆቻችን ከደመወዛቸው ቆጥበው የሠሯቸው ቤቶችና በግቢው ጥግ ያቆሟቸው ሰርቪሶች ዛሬ ዋጋቸው ከፍ ብሏል። ከዚህም የተነሣ በወራሾች፣ በአከራይና በተከራይ፣ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ክርክር ሲነሣ እናያለን። ክርክሩም ብዙ ጊዜ ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ ወደ ቆሞሱ፣ ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ወይም ወደ ዕድሩ ሽማግሌዎች ይመጣል። «አስታርቁን» ተብሎ የተለመነ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል? ታራቂዎቹስ ምን ይዘው ይምጡ? የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህንን ማስረዳት ነው።

ነገሩን ለመረዳት እንዲቀለን ለትምህርት ብለን የቀረጽነውን አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንዲት እናት ሲያርፉ ዋና ቤትና አራት የሰርቪስ ክፍሎች ያሉበትን ግቢ ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት ልጃቸው ትተው አለፉ። ወንድሙ እናቱን እስከ መጨረሻው ያስታመመ፣ ጣሪያውንም በራሱ ገንዘብ ያደሰ ነው፤ በዋናው ቤት ይኖራል፤ የሰርቪሶቹንም ኪራይ ይሰበስባል። እኅቱ ትዳር ይዛ በሌላ ሰፈር ትኖራለች። ድርሻዋን በጠየቀች ጊዜ ተጣሉ። በፋሲካ ሰሞን ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሯቸው፤ ወንድምና እኅትም ተቃቅፈው አለቀሱ፤ በአንድ መሶብም ቀረቡ። ስምምነቱ «ወንድም የእኅቱን ድርሻ ቀስ እያለ ይከፍላታል» የሚል ነበር።

በዓመቱ ጠቡ ከቀድሞው ብሶ ተነሣ። ለወንድሙ «ቀስ እያለ» ማለት ገንዘብ ሲተርፈው ማለት ነበር፤ ለእኅቱ ግን በየወሩ ማለት ነበር። «ድርሻ» ሲባል እርሱ ለእድሳት ያወጣውን ቀንሶ ያስባል፤ እርሷ የሰበሰበውን ኪራይ ደምራ ታስባለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በዚህ መካከል ዐርፈዋል፤ ሌላውም የተባለውን በትክክል አያስታውሱም። የፋሲካው እንባ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን እንባው የተከተለው ስምምነት ቀን፣ ቁጥርና ጽሑፍ አልነበረውም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ስለዚህ ነው።

1. ይቅርታና ስምምነት አንድ አይደሉም

ይቅርታ የጌታችን ትእዛዝ ነው። የበደለን ሰው ባይጠይቀንም እንኳ ከልባችን እንድንሰጠው ታዘናል። ስምምነት ግን የሁለት ወገን ፈቃድ የሚጠይቅ ውል ነው፤ የሚመለከተውም ቤትን፣ ገንዘብን፣ ጊዜንና ግዴታን ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ጉዳት ይመጣል።

አንዳንድ ጊዜ ሽማግሌዎች ለደካማው ወገን «ክርስቲያን አይደለሽም ወይ? ተይለት» ይላሉ። በዚህን ጊዜ የክርስቶስ ትእዛዝ የሰውን መብት ማስጣያ መሣሪያ ይሆናል። በምሳሌያችን ያለችው እኅት ወንድሟን ከልቧ ይቅር ብላ ድርሻዋን ብትጠይቅ ኃጢአት የለባትም። ልትተውለት ብትፈልግም መልካም ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደምትተው ዐውቃ፣ በነፃ ፈቃዷ ይሁን። በሰው ፊት አፍራ ወይም ተገፍታ የለቀቀችው ነገር ስጦታ አይባልም፤ እያደርም ቂም ሆኖ ይመለሳል።

2. የመጽሐፍ ቅዱስና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ጌታችን መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑ ትዝ ቢለው አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ፣ ከባላጋራውም ጋር ገና በመንገድ ሳለ ፈጥኖ እንዲስማማ አስተምሯል (ማቴ 5፥23-26)። ቅዱስ ጳውሎስም የቆሮንቶስ ምእመናን እርስ በርሳቸው በአሕዛብ ፍርድ ቤት መካሰሳቸውን ነቅፏል (1ቆሮ 6፥1-8)።

ስለ ስምምነት አጻጻፍ ግን ብሉይ ኪዳን የበለጠ ዝርዝር ይሰጠናል። ያዕቆብና ላባ ለብዙ ዓመታት ስለ ደመወዝና ስለ መንጋ ሲካሰሱ ኖረው በገለዓድ ተራራ ቃል ኪዳን ሲገቡ ያደረጉትን አስተውሉ (ዘፍ 31፥43-54)። ድንጋይ ከምረው ምስክር አደረጉ፤ ለክምሩም እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ስም ሰጡት። አንዱ ወደ ሌላው ለክፋት ላያልፍ ድንበር ወሰኑ፤ ላባም ስለ ሴት ልጆቹ አያያዝ ግዴታ አስገባ፤ እግዚአብሔርንም ዳኛ አድርገው ጠሩ። ነቢዩ ኤርምያስም የአጎቱን ልጅ መሬት ሲገዛ ብሩን መዘነ፣ ውሉን ጻፈ፣ ምስክሮችን አስፈረመ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ቅጂ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ (ኤር 32፥9-14)። እንግዲህ ከዘመድ ጋር ውል መጻፍ አለመተማመን ነው የሚሉ ወገኖች ይህንን የነቢይ ሥራ ልብ ይበሉ።

የቤተ ክርስቲያን ሕግም በዚሁ መንፈስ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ በቀኖና 1103 ምእመናን ሁሉ፣ ከጳጳሳት ጀምሮ፣ በእግዚአብሔር ሕዝብ መካከል ክርክር እንዳይነሣ እንዲተጉ፣ ከተነሣም ፈጥኖ በሰላም እንዲያልቅ እንዲጥሩ ያዛል። ይኸውም ፍትሕ እንደ ተጠበቀ ሆኖ መሆኑን ይጨምራል። በሀገር ደረጃም በ2011 ዓ.ም. የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን ሲቋቋም ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስ ሰብሳቢው ሆነው እንደ ነበር እናስታውሳለን። ዕርቅ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ ፍትሕን የጣለ ዕርቅ ግን የቤተ ክርስቲያን ሥራ አይሆንም።

3. የሀገራችን ሕግ ስለ ዕርቅ ምን ይላል?

ሽምግልና በሀገራችን ከሕግ መጻሕፍት በፊት የነበረ ነው፤ በአካባቢያችን ያሉ የኦሮሞ ወገኖቻችንም «ጃርሱማ» ብለው በየዕለቱ የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። ሕጉም ለዚህ ቦታ ሰጥቶታል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ሰዎች እርስ በርስ ሰጥተው ተቀብለው ያለውን ክርክር የሚያቆሙበትን ወይም ሊመጣ ያለውን የሚያስቀሩበትን ውል ይደነግጋል። እንዲህ ያለው ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ የሚቆጠር መሆኑን ቁጥር 3312 ይናገራል። ስለዚህ «ለጊዜው እንፈርም፤ በኋላ እናየዋለን» የሚባል ነገር የለም።

ክስ ከተጀመረም በኋላ መንገዱ አልተዘጋም። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 274 እስከ 277 ባለው ክፍል ተከራካሪዎች በማናቸውም ጊዜ መታረቅ እንደሚችሉ፣ ፍርድ ቤቱም ስምምነታቸው ሕግንና መልካም ጠባይን የማይቃረን መሆኑን አይቶ እንደሚመዘግበው ያሳያል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 «ፍርድ ቤት መር አስማሚነት» የተባለው አሠራር ተደንግጓል፤ ይኸውም ተከራካሪዎች በችሎት ከመሟገታቸው በፊት በአስማሚ ፊት እንዲነጋገሩ የሚደረግበት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ደግሞ የግልግል ዳኝነትንና የዕርቅን አሠራር ይመለከታል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንበል። የግልግል ዳኛ ሰምቶ ይወስናል፤ አስማሚ ግን አይወስንም። ውሳኔው ሁልጊዜ በታራቂዎቹ እጅ ነው።

4. ከሽምግልናው ዕለት በፊት መዘጋጀት

ብዙ ሽምግልና የሚከሽፈው ሰዎች ቁጣቸውን እንጂ ጉዳያቸውን ይዘው ስለማይመጡ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ወገን የሚከተሉትን አስቀድሞ ያዘጋጅ።

ሀ) ጸሎትና ኅሊናን መመርመር። ጥፋቴ የትኛው ነው? ሌላው ወገን እውነት ያለው በምን ላይ ነው? ይህን ለራሱ ያልመለሰ ሰው ለሽማግሌ መልስ አይኖረውም።

ለ) የሚናገሩትንና የሚያስፈልገውን መለየት። ወንድሙ «ቤቱ አይሸጥም» ይላል፤ የሚያስፈልገው ግን እናቱ ካረፉበት ቤት አለመውጣት ነው። እኅቱ «ቤቱ ይሸጥ» ትላለች፤ የሚያስፈልጋት ግን ለልጆቿ ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ነው። ንግግራቸው ሲጋጭ ፍላጎታቸው ላይጋጭ ይችላል።

ሐ) ሰነዶችን መሰብሰብ። በምሳሌያችን ጉዳይ ከፍርድ ቤት የተሰጠ የወራሽነት ማስረጃ፣ የቤቱ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውሎች፣ የእድሳት ደረሰኞች ያስፈልጋሉ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ካለ ሥራውን የሠራውን አናጢ ወይም ግንበኛ መጠየቅ ይቻላል።

መ) ታሪኩን በአንድ ገጽ መጻፍ። ምን መቼ ሆነ የሚለው በቀን ቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ስድብና ግምት አይግባበት።

ሠ) ባንስማማ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ። ጉዳዩ በችሎት ቢቀጥል ምን ያህል ጊዜና ወጪ እንደሚጠይቅ፣ ቤቱ ለመከፋፈል ካልተመቸ ተሸጦ ዋጋው ሊካፈል እንደሚችል ከሕግ ዐዋቂ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው የሚቀርብለት ሐሳብ ይጥቀመው ይጉዳው መመዘን አይችልም።

ረ) መገኘት ያለበትን ሰው ማወቅ። ንብረቱ የትዳር ጓደኛን የሚነካ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይገኝ። ውጭ ሀገር ያለ ወራሽ በወኪል የሚቀርብ ከሆነ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ስለ ሌላው ሰው ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

ሰ) ይርጋን መጠበቅ። ሽምግልና እየተጎተተ የክስ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። በተለይ ለፋብሪካ ሠራተኞች ይህ ታላቅ ጥንቃቄ ይሻል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚያቀርበው ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። «ሽማግሌ ይዞታል» ማለት ቀኑን አያቆመውም።

5. አስታራቂው ማን ይሁን? በዕለቱስ ምን ያድርግ?

አስታራቂ ለአንዱ ወገን ዘመድ ወይም ባለ ዕዳ ያልሆነ፣ ከውጤቱም የማይጠቀም ሰው ይሁን። የንስሓ ምሥጢር ፈጽሞ የማይገለጥ ስለሆነ ከታራቂዎቹ የአንዱን ኑዛዜ የሚሰማ ካህን አስታራቂነቱን ለሌላ ቢተው ይመረጣል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህርም ዳኛ አለመሆኑን አይርሳ። ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው የፈለገ ሰው ወደ ጌታችን በቀረበ ጊዜ ጌታ አካፋይ ሆኖ መሾሙን አልተቀበለም፤ ይልቁንም ከመጐምጀት እንዲጠበቁ አስጠነቀቀ (ሉቃ 12፥13-15)።

በዕለቱ እያንዳንዱ ሳይቋረጥ ይናገር። ከዚያም አስታራቂው ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግራቸው። ለብቻ የተነገረውን ያለ ተናጋሪው ፈቃድ ወደ ሌላው አያድርስ። በተለይ ዝም ያለውን ሰው ይጠይቅ። በሽማግሌዎች ፊት አንገቷን ደፍታ «እናንተ እንዳላችሁ ይሁን» የምትል እኅት መስማማቷን ገና አልገለጠችም። «የተባለው ምንድን ነው? በራስሽ አነጋገር ንገሪኝ» ሊላት ይገባል። አማርኛ የማይቀናው ሰው ካለም በቋንቋው ይነገረው። ያዕቆብና ላባ በየቋንቋቸው ስም የሰጡት በከንቱ አይደለም።

6. ስምምነቱን መጻፍ

በምሳሌያችን ያሉት ወንድምና እኅት ተዘጋጅተው ዳግመኛ ተቀመጡ እንበል። ቤቱን በጋራ በመረጡት ዐዋቂ አስገምተው በ2,400,000 ብር ተስማሙ፤ የእኅት ድርሻ 1,200,000 ብር ሆነ። የሰርቪሶቹ ኪራይ በወር 10,000 ብር ስለሆነ የ12 ወሩ 120,000 ብር ነው፤ ግማሹ 60,000 ብር ለእርሷ ይታሰባል። ለእድሳት የወጣው 240,000 ብር በደረሰኝ ተረጋገጠ፤ ግማሹን 120,000 ብር እርሷ ትሸከማለች። እንግዲህ ለእርሷ የሚከፈለው 1,140,000 ብር ሆነ። ይህ ሒሳብ ራሱ ከስምምነቱ ጋር መያያዝ አለበት፤ ድምሩ ብቻ ከተጻፈ ነገ «ኪራዩስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣልና።

መልካም የስምምነት ጽሑፍ የሚከተሉትን ይይዛል።

1) የተዋዋዮችን ሙሉ ስምና አድራሻ። ክስ ካለ የፍርድ ቤቱን ስምና ቦታ፣ የመዝገቡን ቁጥር ጭምር።

2) ክርክሩ ስለ ምን እንደ ነበር በአጭሩ። ንብረቱ በካርታ ቁጥሩና በአድራሻው ይገለጽ።

3) ማን፣ ምን፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚፈጽም። ለምሳሌ «ቀስ እያለ ይከፍላታል» በማለት ፈንታ እንዲህ ይጻፋል፦ «1ኛ ተዋዋይ ለ2ኛ ተዋዋይ ይህ ስምምነት በተፈረመበት ዕለት 340,000 ብር፣ የቀረውን 800,000 ብር በየ3 ወሩ 100,000 ብር በ8 ጊዜ በ2ኛ ተዋዋይ የባንክ ሒሳብ ገቢ ያደርጋል።» የእያንዳንዱ ክፍያ ቀንም ይዘርዘር።

4) እስከዚያው ድረስ የሚጠበቀውን። ከዛሬ ጀምሮ ኪራዩ የማን ነው? ገንዘቡ ተከፍሎ እስኪያልቅ ቤቱ እንደማይሸጥና በዋስትና እንደማይያዝ፣ ስሙም መቼ እንደሚዛወር፣ የማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚችል ይጻፍ።

5) ግዴታው ባይፈጸም የሚሆነውን። ለምሳሌ «አንዱ ክፍያ ከቀኑ 30 ቀን ቢያልፍ ቀሪው ዕዳ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈላል»። ይህን መጻፍ ክፉ መመኘት አይደለም፤ ከፋዩም ተቀባዩም ድንበሩን እንዲያውቁ ነው።

6) የሚዘጋውን ጉዳይና የማይዘጋውን። «ከእንግዲህ አንዳችም ነገር አንጠያየቅም» የሚል ሰፊ ቃል ያላሰቡትን መብት ሊያስጥል ወይም አዲስ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። «ስለዚህ ቤትና እስከዛሬ ስለተሰበሰበው ኪራይ» ተብሎ ተወስኖ ይጻፍ።

7) ቀን፣ የተዋዋዮች ፊርማና የምስክሮች ፊርማ። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና 2 ምስክሮች እንደሚያስፈልጉት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 ይናገራል። በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ መብት የሚያስተላልፍ ውል ደግሞ በቁጥር 1723 መሠረት በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት መደረግ አለበት። ማንበብ የማይችሉ ወይም ዐይነ ስውር የሆኑ ወገኖች ፊርማም ሥልጣን ባለው ሹም ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም፤ ስለዚህ እናቶቻችንን በቤት ውስጥ ጣት አስነክቶ መሄድ አይገባም።

ከመፈረም በፊት ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ይነበብ። ከተቻለም ሁሉም ወስደውት አንድ ሌሊት ይደሩበት፤ የሕግ ዐዋቂም ይየው። ክስ ካለ ስምምነቱ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይመዝገብ፤ ያን ጊዜ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ለእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ቅጂ ይድረሰው።

7. ወደ ሽምግልና የማይመጡ ነገሮች

ሁሉ ነገር በሽማግሌ አያልቅም። በሴቶችና በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ጥቃት በካሳና በይቅርታ ተሸፍኖ መቅረት የለበትም፤ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ተጎጂውን ወደ ፖሊስና ወደ ሕክምና ማድረስ እንጂ ቤተሰብ ማግባባት ሥራው አይደለም። አንዱ ሌላውን የሚፈራ ከሆነም ጎን ለጎን አስቀምጦ «ተስማሙ» ማለት ፍርሃቱን ማጽናት ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ድርሻ ካለበት ደግሞ አሳዳጊው ብቻውን እንዳይፈርም፤ የፍርድ ቤት ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ። ጋብቻን በሚመለከት ሽምግልና ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ቢጥርም ስለ ምሥጢረ ተክሊል የሚነሣ ጥያቄ በሽማግሌ የሚወሰን ስላልሆነ ወደ ቆሞሱ ይቅረብ።

ማጠቃለያ

በገለዓድ ተራራ የሆነውን ቅደም ተከተል እንደገና እናስብ። ያዕቆብና ላባ ቃሉን ተነጋገሩ፣ ድንበሩን ወሰኑ፣ ምስክሩን አቆሙ፤ ያዕቆብም ወንድሞቹን እንጀራ እንዲበሉ ጠራ፤ በተራራውም ላይ አደሩ። በማግስቱ ላባ ማልዶ ተነሥቶ ልጆቹን ስሞ፣ ባርኮም ወደ ስፍራው ተመለሰ። በእኛም ቁምስና ወንድምና እኅት በመሶብ ዙሪያ ከመቅረባቸው በፊት የሚፈርሙት ወረቀት ግልጽ ይሁን። በሁለተኛው ፋሲካ እኅት ወደ ወንድሟ ቤት ስትመጣ ገንዘቧን ልትጠይቅ ሳይሆን የእናቷን ቤት ልትጎበኝ ትመጣለችና። የሰላም አምላክ ሥራችሁን ይባርክ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ የተደረገና በኋላ የፈረሰ ዕርቅ ታስታውሳላችሁ? የሰዎቹን ስም ሳትጠቅሱ ምን እንደ ጎደለው ተነጋገሩ።

2. ይቅር ማለትና መብትን መተው የሚለዩት በምንድን ነው?

3. ዘፍ 31፥43-54 አንብቡ። በክፍል 6 ከተዘረዘሩት ነገሮች የትኞቹን ታገኛላችሁ?

4. «በቅርቡ ዕቃውን ይመልሳል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ማንም እንዳይከራከርበት አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ።